ያላለቀውን ሸራ ማን ይየው?

ከዚህ በታች የሚነጋገሩት ሁለት ሰዎች አንድ ጥያቄ ከሁለት ወገን እንዲፈተሽ ጸሐፊው ያቆማቸው ተናጋሪዎች ናቸው። አንደኛዋ ቀን መሥሪያ ቤት ውላ ማታና ቅዳሜ የምትሥል፣ የሥዕል ትምህርት ቤት ያልገባች የሰሚት ነዋሪ ናት። ሌላው ዕድሜውን ሥዕል በማየትና ስለ ሥዕል በመጻፍ ያሳለፈ ሐያሲ ነው። የሚከራከሩበትም፣ አማተር ሠዓሊ ተስፋ ቆርጦ ብሩሹን ሊጥል ሲል የሙያ ባልንጀሮቹ ምን ቢያደርጉለት ይበረታል በሚለው ላይ ነው።

አማተሯ፦ መምህር፣ ከችግሩ ብንጀምር ይሻላል። አማተር ሠዓሊ መሣል ሲያቆም ሰው ሁሉ «ሰነፈ» ወይም «ድሮም ተሰጥዖ አልነበረውም» ይላል። ይህ ፍርድ ችኩል ይመስለኛል። ሰውየው የሚሥለው ከሥራ መልስ ነው፤ ሸራውን የሚያቆመው ልጆች ከሚያጠኑበት ጠረጴዛ አጠገብ ነው፤ ቀለሙ እስኪደርቅ ቤቱ በሙሉ ተርፔንታይን ይሸታል። ይህን ሁሉ ችሎ ሥራውን ሲያሳይ ቤተሰብ «ጥሩ ነው» ይለዋል፣ ወዳጅ ፎቶውን አይቶ በስልክ አንዲት ልብ ይልክለታል፣ ነገሩ በዚያው ያበቃል። እንግዲህ የጎደለው ማበረታቻ ከሆነ፣ ሠዓሊ ሠዓሊን አብዝቶ ቢያመሰግን ችግሩ አይቃለልም?

ሐያሲው፦ ምስጋና የጎደለ አይመስለኝም። አንቺ ራስሽ እንዳልሽው ቤተሰቡም ያመሰግናል፣ ወዳጁም ያመሰግናል። የጎደለው ሥራው ሳያልቅ የሚያየው ዐይን ነው። ነገሩን በአንድ ሸራ ላይ እንየው። አንድ ጀማሪ ቡና የምታፈላ ሴት በዘይት ቀለም ይሥላል እንበል። ከመስኮቱ በኩል ያለው ጉንጯ ብርሃን አግኝቷል፤ ሌላው ጉንጯና አንገቷ ጥላ ውስጥ ነው። ጀማሪው ጥላ ጥቁር ነው ብሎ ስለሚያስብ የቆዳውን ቡኒ ከቱቦ በወጣ ጥቁር ያጨልመዋል። ያን ጊዜ ጉንጩ ጥላ ያረፈበት መሆኑ ይቀርና ጥቀርሻ የተቀባ ይመስላል። ሥዕሉ ያለቀ ዕለት ዘመድ ቢያየው «አቤት፣ ቁርጥ እሷን!» ይላል። ሠዓሊው ግን አንድ ነገር እንደሞተበት ይሰማዋል፤ ምን እንደሆነ አያውቀውም። ቀለሙ ገና እርጥብ ሳለ ሌላ ሠዓሊ አጠገቡ ቢቆም ኖሮ የሚለው አጭር ነው፦ «ጥቁሩን ተወውና ቡኒውን ከሰማያዊ ጋር ደባልቀው፤ ደግሞም አገጯ ሥር ከነጠላዋ ነጭ የሚመለስ ብርሃን አለ፣ እሱን ፈልግ።» በዚህ ንግግር ውስጥ አንዲት የምስጋና ቃል የለችም። ይሁንና ከዘመዱ አድናቆት ይልቅ የሚያበረታው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ችግሩ የቀለም ቅልቅል መሆኑን፣ ቅልቅል ደግሞ ነገ የሚስተካከል ነገር መሆኑን ይነግረዋል። ያንን የሚነግረው ያጣ ሰው ስሕተቱን በሙሉ በራሱ ላይ ይደመድማል። «አልችልም» የሚለውን ቃል የሚወልደው ይህ ነው።

አማተሯ፦ ይህ አባባል ለተሰጥዖ ያለንን ግምት ዝቅ አያደርገውም? የታላላቆቹን ታሪክ ስንሰማ ማንም ሳይደግፋቸው የወጡ ናቸው የሚባለው። ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎስያን ልጆች በነበሩበት ጊዜ ዛሬ ያለው የሥዕል ትምህርት ቤት ገና አልተከፈተም ነበር። እውነተኛ ተሰጥዖ ያለው ሰው ብቻውን መንገዱን ያገኛል የሚሉት እነሱን ጠቅሰው ነው።

ሐያሲው፦ ትምህርት ቤቱ አልነበረም ማለት ሰው አልነበረም ማለት አይደለም። አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ያቋቋሙት በ1950 ዓ.ም. ነው። እስክንድር ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1955 በንጉሡ የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ በተደረገው ውድድር ሁለተኛ ሽልማት አገኘ፤ በዚያም የነፃ ትምህርት ዕድል ተሰጥቶት ወደ ለንደን ሄደ። ሰው የሚያስታውሰው ሽልማቱን ነው። እኔ የሚገርመኝ ከሽልማቱ በፊት የነበረው ነው። የኢትዮጵያን ሥነ ሥዕል ታሪክ ያጠናውና ራሱም በውኃ ቀለም ይሥል የነበረው ፖላንዳዊው ስታኒስላስ ሆይናትስኪ፣ በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ያስተምር የነበረው ካናዳዊው ደራሲ ዣክ ጎድቡም፣ ለዚያ ወጣት ያለ መዝገብና ያለ ዲፕሎማ ሥዕል አሳይተውታል፣ ሥራውንም አይተውለታል። አማተር ነበር፤ አጠገቡ የሚያዩ ሰዎች ነበሩት። ገብረ ክርስቶስም ሐረር ሲወለድ የተወለደው ከአለቃ ደስታ ቤት ነው፤ አባቱ የብራና ጽሕፈትና የሐረግ ሥራ የሚያውቁ ሊቅ ነበሩና ልጁ ቀለምና ብርዕ እያየ አደገ። የጀመረውን የኮሌጅ ትምህርት ትቶ ወደ ሥዕል ሲያደላ ከባዶ አልተነሣም። አፈወርቅ ተክሌ እንኳ እንግሊዝ አገር የተላከው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ነበር፤ ወደ ሥዕል እንዲዞር ያደፋፈሩት ዝንባሌውን ያዩ መምህራኑ ናቸው። ብቻውን ወጣ የምንለውን ሰው ታሪክ ቀረብ ብለን ስንመረምረው፣ ሁልጊዜ ለማለት ባልደፍርም፣ በጣም ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት የሚያዩ ዐይኖች እናገኛለን። ገብረ ክርስቶስ ከጀርመን ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1963 ሥራዎቹን ሲያሳይ ረቂቅ ሥዕሎቹ «የእኛ አይደሉም» ተብለው ተተችተዋል። በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ ግን ገጣሚው ሰሎሞን ደሬሳ ስለ ሥራው በጥሞና ጻፈለት። ያ ጽሑፍ ሥራው እንደ ሥራ መታየቱን ለሠዓሊው የሚያረጋግጥ ነበር። ከምንም ሽልማት ባልተናነሰ የምቆጥረው እንዲህ ያለውን ነው።

አማተሯ፦ እነዚህ ግን በኋላ ሙሉ ጊዜያቸውን ለሥዕል የሰጡ ናቸው። የእኛ ነገር ሌላ ነው። ጎሮ ወይም አያት የሚኖር፣ እስከ አመሻሽ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሠዓሊ ልሁን ብሎ መሥሪያ ቤቱን አይለቅም። ስለ ቀለም ቅልቅል ማወቅ ቢፈልግ ደግሞ ስልኩ ላይ ከዓለም ዙሪያ የሚያስተምሩት አሉ። ባልንጀራ ለምን ያስፈልገዋል?

ሐያሲው፦ ስልኩ ቅልቅሉን ያስተምረዋል፤ የእሱን ሸራ ግን አያይለትም። ትምህርት ቤት ከሚሰጠው ነገር ሁሉ ስልክ ሊተካው ያልቻለው አንድ ነገር ቢኖር የክፍል ጓደኛ ነው። ሃያ ሰው አንድ ሞዴል ዙሪያ ተቀምጦ ሲነድፍ ሃያ ዓይነት ስሕተት ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። እጅ መሣል ያቃተው ሌላውም እጅ እንዳቃተው ያያል፤ አንዱ ደግሞ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከመቁጠር ይልቅ መዳፉን እንደ አንድ ቅርጽ ይዞ ሲነሣ እንደ ተሳካለት ያያል። ይህ ትምህርት ከአውሮፓ የመጣ እንዳይመስልሽ። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ተማሪው ብቻውን ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩ ያርማል፣ ቤቱ የጎደለበትን ይነግረዋል፤ ጓደኞቹም ከእሱ እርማት ይማራሉ። ሲያምርለት «ይበል!» ይባላል። ታዲያ ያ «ይበል» ክብደት ያገኘው ከስንት እርማት በኋላ ስለሚመጣ ነው። በከተማችንም ይህንኑ ፍለጋ የተሰባሰቡ ሠዓሊዎች ነበሩ፤ የሚያስደንቀው ደግሞ ትምህርታቸውን የጨረሱት ናቸው የተሰባሰቡት። ዳዊት አበበ ከትምህርት ቤት ሲወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2001፣ ከጓደኞቹ ጋር ሐበሻ አርት ስቱዲዮን መሠረተ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ምሕረት ከበደን የመሳሰሉ ወጣት ሠዓሊዎች ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ በሚገኝ መናፈሻ ውስጥ ነፃ አርት ቪሌጅን አቋቋሙ። መናፈሻ ነበርና ለመናፈስ የመጣ የሰፈር ሰው ሠዓሊው ሲሠራ ያይ ነበር፤ ከወዳደቀ ብረትና እንጨት የተሠሩ ቅርጾች ሣሩ ላይ ቆመው ነበር። ዲፕሎማ የያዘው እንኳ ባልንጀራ ካስፈለገው፣ ቅዳሜ ብቻ ያለው አማተር ባልንጀራ አያስፈልገውም ማለት እንዴት ይቻላል? እንዲያውም ጊዜው ስለሚያጥረው ይበልጥ ያስፈልገዋል።

አማተሯ፦ አንድ የሚያሰጋኝ ነገር አለ። ሰዎች አብረው ሲሠሩ አንዱ ሌላውን መምሰል ይጀምራል። የቡድኑን ደንበኛ ቀለም፣ የቡድኑን አንገተ ረጅም ሴት ሁሉም ይሥላታል። አዲስ አበባ ውስጥ እርስ በርስ የሚመሳሰል ሥዕል መች አነሰ?

ሐያሲው፦ ስጋትሽ ተገቢ ነው፤ የመመሳሰሉን ምንጭ ግን ሌላ ቦታ ብንፈልገው ይሻላል። ያ የምትዪው ተመሳሳይ ሥዕል፣ እንስራ ያዘለች ሴት፣ የጀጎል በር፣ ዓይነ ትልልቅ መላእክት፣ የሚባዛው ለገዢ ነው። ሻንጣ ይዞ ወደ ኤርፖርት የሚሄድ ሰው የሚገዛው ያንን ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ ብቻውን የሚሠራውም ሰው ያንኑ ይሥላል። እንዲያውም ባልንጀራ የሌለው ሠዓሊ ሥራው ጥሩ መሆኑን የሚያውቅበት መለኪያ ሽያጭ ብቻ ስለሚሆን ለመመሳሰል ይበልጥ የተጋለጠ ነው። አንድ መምህር ብዙ ሰው እያየ ራሱን የማያባዛ መሆኑን ለማወቅ ታደሰ መስፍንን ማሰብ ይበቃል። ወልዲያ የተወለደው ይህ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት ትምህርት ቤት ከሠላሳ ዓመት በላይ አስተምሯል። የእሱ ሥራ ወዲያው ይታወቃል፦ የጉልት ሴቶች፣ መሬትና ሰማይ በማይለይበት ቦታ ላይ እንደ ዓምድ ቆመው፣ ከፊታቸው ያለው ሽንኩርትና ቲማቲም ጥቂት የቀለም ምት ብቻ ሆኖ። ከተማሪዎቹ አንዱ የሆነው ተስፋዬ ኡርጌሳ እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢየናሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ማሳያ ስትከፍት የወከላት ነው፤ የእሱ ሰዎች በጠባብ ክፍል ውስጥ የተጨናነቁ፣ አካላቸው የተቆራረጠና የተነባበረ ነው። ሌላው ተማሪ አዲስ ገዛኸኝ ፎቅ በፎቅ ላይ የተደረደረ ከተማ ይሥላል። ከአንድ ክፍል የወጡ ሦስት ዓለሞች ናቸው። ፈረንሳይ ውስጥ ሠዓሊዎቹ ፒሳሮና ሴዛንም እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ፖንቷዝ አካባቢ አንድ ኮረብታ ፊት ለፊት ጎን ለጎን ቆመው ሠርተዋል፤ ሴዛን የፒሳሮን አንድ ሸራ ወስዶ እስከ መቅዳት ደርሷል። ሁለቱን የሚያምታታ ተመልካች ግን የለም። ጥሩ ባልንጀራ «እንደ እኔ ሥራ» አይልም፤ «እዚህ ጋ ራስህ ልትል የፈለግኸው ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን የማይጠይቅ ቡድን ሲገጥም ከእሱ መውጣት ነው።

አማተሯ፦ እሺ፣ ከዚያ የሚከብደውን ልጠይቅዎት። በእርግጥ ተሰጥዖ የሌለውስ? ዓመት በዓመት ላይ ቢሥል የማይለወጥ ሰው አለ። እሱን «በርታ» ማለት ጊዜውንና ገንዘቡን እንዲያባክን መገፋፋት አይሆንም? አንዳንዴ እውነቱን ነግሮ ማሰናበት ደግነት ይመስለኛል።

ሐያሲው፦ ሥልጣኑ የማን ነው? ማንን ነው የምናሰናብተው? ኦንሪ ሩሶ ፓሪስ ውስጥ የቀረጥ ኬላ ሠራተኛ ነበር፤ ሥዕል ያስተማረው የለም። ሥራውን ያዩ ጋዜጦች ልጅ የሣለው ነው እያሉ ለዓመታት ሣቁበት። አንቺ እንዳልሽው እውነቱን ነግሮ የሚያሰናብት ኮሚቴ ቢኖር ኖሮ መጀመሪያ የሚሰናበተው እሱ ነበር። ያዳነው ምንድን ነው? ብዙዎች ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1908 ያዘጋጀለትን ግብዣ ይጠቅሳሉ። እኔ ግን ሩሶን ያጸናው ግብዣው ነው አልልም፤ ግብዣው ሲመጣ ሊሞት ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር። ያጸናው እ.ኤ.አ. ከ1886 ጀምሮ ሥራዎቹን ይሰቅልበት የነበረው የነፃ ሠዓሊዎች ዐውደ ርእይ ነው። ያ ዐውደ ርእይ ዳኛ አልነበረውም፤ ማንም ሥራውን ያመጣል፣ ይሰቀልለታል። ሃያ ዓመት ያህል በየጊዜው ሥራውን ከሌሎች ሥራ አጠገብ ተሰቅሎ የማየት ዕድል አገኘ። ይህ ማለት ግን ማንኛውም አማተር ሩሶ ይሆናል ማለት አይደለም፤ አብዛኛው አይሆንም። መልሴ ሌላ ነው። አማተር ማንንም የማያስቸግር ሰው ነው፤ ደመወዙን ከሌላ ሥራ ያገኛል፣ ጊዜውም የራሱ ቅዳሜ ነው። ታላቅ ሠዓሊ ይሆናል የሚል ቃል ለማንም አልገባም። እሱን «ጎበዝ ነህ» ብሎ መዋሸት ስሕተት ነው፤ እዚህ ላይ ከአንቺ ጋር ነኝ። ነገር ግን «የት ላይ ተያዝክ?» ብሎ መጠየቅ ውሸት የለበትም። ለጎበዙም ላልጎበዘውም እኩል ይሠራል። ለዚህ ነው ምስጋናንና ማየትን መጀመሪያ ላይ የለየኋቸው፤ ምስጋና ፍርድ ስለሆነ ሊሳሳት ይችላል፣ ማየት ግን አብሮ መሥራት ነው።

አማተሯ፦ እንግዲያው ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ቦሌ ሥዕል የሌለበት ቦታ አይደለም። ማኩሽ ጋለሪ በቦሌ መንገድ ላይ ለዓመታት የብዙ ሠዓሊዎችን ሥራ ሰቅሏል። አዲስ ፋይን አርት እ.ኤ.አ. በ2016 ራኬብ ስለና መሳይ ኃይለ ልዑል ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ሲከፍቱት የእኛን ሠዓሊዎች ለዓለም ገበያ አደረሰ። ከዚህ በላይ ምን እንፈልጋለን?

ሐያሲው፦ የጠራሻቸው ቤቶች ሥራቸውን በሚገባ የሠሩ ናቸው። ግን ጋለሪ ያለቀ ሥራ ቤት ነው፤ ያላለቀ ሸራ ይዞ የሚገባ ሰው እዚያ ቦታ የለውም፣ ሊኖረውም አይገባም። የምሥራቁ አዲስ አበባ ችግር ይህ ነው፦ ለፍጻሜው ግድግዳ አለው፣ ለመካከሉ ክፍል የለውም። ለመካከሉ የሚሆኑት ዋና ዋና ተቋማት ከዚህ ርቀው ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ባለው መንገድ ዙሪያ ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ እዚያ ነው፣ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል እዚያ ነው፣ ብሔራዊ ሙዚየሙም እዚያው ነው። ከአያት የሚነሣው ባቡር እንኳ መገናኛን አልፎ ወደ ስታዲየም ይወርዳል እንጂ ወደዚያ አይወጣም። ከተማው ግን ወደ ምሥራቅ ሄዷል። ሰሚት፣ ጎሮ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ በየኮንዶሚኒየሙ ስንት ሰው እንደሚሥል መገመት አያዳግትም፤ አንዱ ስለ ሌላው ግን አያውቅም። ታዲያ አዲስ ሕንፃ አልጠይቅም። በየኮንዶሚኒየሙ ግቢ ኮሚናል የሚባለው የጋራ መገልገያ ቤት አለ። ለእርድ፣ ለልቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለስብሰባ ተብሎ የተሠራ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ስለሆነ ቀለም ቢፈስበት ይታጠባል፤ ጣራው ከፍ ያለ፣ መስኮቱ ሰፊ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ልቅሶ ከሌለ ባዶ ነው። ስምንት ሰው ያላለቀ ሸራውን ይዞ እዚያ ቢገናኝ የሥዕል ክፍል ተፈጠረ ማለት ነው።

አማተሯ፦ ቅን ሐሳብ ነው፤ ግን ገንዘቡን ዘለሉት። ቀለሙ፣ ሸራው፣ ብሩሹ ከውጭ ነው የሚመጣው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። አንድ ነጭ የዘይት ቀለም ለመግዛት ሁለት ጊዜ የሚያስብ ሰው፣ ባልንጀራ ተገኘለት ተብሎ አይሥልም። ኮሚናሉንም ቢሆን አንዳንድ ቦታ ኮሚቴው ለሱቅ ወይም ለመዋዕለ ሕፃናት አከራይቶታል።

ሐያሲው፦ የቀለሙ ነገር ግማሹ እውነት ነው፤ አልክደውም። ድህነትን በወዳጅነት አሸንፉት ማለት ጭካኔ ነው። ነገር ግን ዋጋው ሲንር ይበልጥ የሚጎዳው ብቻውን የሚገዛው ነው። ስምንት ሰው ትልቁን ጣሳ ነጭ ቢካፈል፣ አቡጀዲውን በጣቃ ገዝቶ ራሱ ቢወጥርና ቢለስን፣ የሞዴሉን ክፍያ ቢያዋጣ፣ የእያንዳንዱ ወጪ ይቀንሳል። ሐበሻን የመሰሉ የጋራ ስቱዲዮዎች የቆሙትም እንዲህ ነው፤ አንድ ሠዓሊ የማይችለውን ኪራይ በርካቶች ተካፍለው። ከዚህም ሌላ በውድ ቀለም ብቻ ነው የሚሠራው ያለው ማን ነው? ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ በክርና በአዝራር ሸራ እየሰፋ ሠርቷል፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ ከተጣለ የኮምፒዩተር ሽቦና ኪቦርድ ዓለም ያደነቀውን ሥራ አውጥቷል። ይህ ሁሉም ሰው ሽቦ ይስፋ ማለት አይደለም፤ በከሰልና በማሸጊያ ወረቀት አንድ ዓመት መንደፍ ይቻላል፣ እንዲያውም ለጀማሪ ይጠቅመዋል ማለት ነው። የቦታው ጥያቄ ግን ከቀለሙ ይከብዳል፤ ነፃ አርት ቪሌጅም ከጥቂት ዓመታት በኋላ መናፈሻውን ለቋል።

አማተሯ፦ ታዲያ የኮሚናሉን ቁልፍ ማን ይጠይቃል? ሠዓሊ ነን ብለን ብንሄድ ኮሚቴው «ሥዕል ለነዋሪው ምን ይጠቅማል?» ማለቱ አይቀርም።

ሐያሲው፦ ሠዓሊ ነን ብላችሁ አትሂዱ፤ ነዋሪ ነን ብላችሁ ሂዱ። ኮሚናሉ የነዋሪው ሁሉ ነው፤ ለስብሰባ እንደሚፈቀደው ለእናንተም ሊፈቀድ ይገባል። ማመልከቻው በጽሑፍ ይሁን፤ የብሎክ ቁጥራችሁ፣ የምትፈልጉት ሰዓትና ወለሉን አጥባችሁ እንደምታስረክቡ ይጻፍበት። ልቅሶ በሚኖርበት ቅዳሜ እንደምትለቁም ጨምሩበት፤ ዕድሩ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህን ነው። «ምን ይጠቅማል?» ላሉት ደግሞ የሰፈሩ ልጆች በነፃ አብረዋችሁ መንደፍ እንደሚችሉ ንገሯቸው፤ ከኮሚቴው አባላት የአንዱ ልጅ ደብተሩ ጀርባ ላይ ሲሥል የሚውል መሆኑን ታገኛላችሁ። ካከራዩት ደግሞ ውሉ መቼ እንደሚያበቃ ጠይቁ፤ እስከዚያው የአንዳችሁ ሳሎን አራት ሰው ይይዛል።

አማተሯ፦ ሳሎኑ ተርፔንታይን ይሸታል ብዬዎታለሁ።

ሐያሲው፦ እስከዚያው በከሰል ሥሩ።